ደፉ ላይ የቆመው ተሳላሚ

ሳሌታ ማለዳ እናቷ መቃብር ላይ ቆማ፣ «እማዬ፣ ተነሺ እንሂድ። ዘንድሮስ አንቀርም» አለች።

እናቷ ኦብዱሊያ በሕይወት ሳለች ተይሺዶ በሚባለው የገደል ዳር መንደር ያለውን ቅዱስ እንድርያስን ለመሳለም በየዓመቱ ትነሳና ትቀር ነበር። «ሼናሮ ድንገት ቢመጣ ቤቱን ተዘግቶ ያገኘዋል» ትላለች። ሼናሮ ወንድ ልጇ ነው፤ ለዓሣ ወደ ሰሜን ባሕር እንደወጣ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። በዚያ አገር በቁሙ ያልተሳለመ ሰው ሞቶም ቢሆን መሄዱ አይቀርለትም፤ ዘመድ ከጠራው አብሮ ተሳፍሮ፣ ካልጠራው እንሽላሊት ሆኖ እየተሳበ ነው።

ሳሌታ ሁለት ትኬት ቆረጠች።

«እናትሽን በመስኮቱ በኩል አድርጊያቸው፤ መኪና ያዞራቸው ነበር» አላት ሹፌሩ። ቀልዱን አልነበረም።

መንገዱን ሙሉ የሰፈሩን ወሬ አወራችላት። ባዶው ወንበር መሐሉ ጎድጎድ ብሏል። አልፈራችም፤ እንዲያውም ደስ አላት።

ፍርሃቱ የመጣው ከአውቶቡሱ ወርደው በገደሉ አፋፍ በእግር ሲሄዱ ነው። አንድ እንሽላሊት ጫማዋ ሥር መጣ። ስትቆም ይቆማል፣ ስትሄድ ይከተላል። ዝናብ ከጣለ ሰንብቷል፤ የእሱ ጀርባ ግን እርጥብ ነው።

«እንዳትረግጪው» አሉ አብረዋት የመጡት ጎረቤቷ እማማ ዶሚቲላ። «ሮሜይሮ ነው።»

ሮሜይሮ ድሮ ሮም ድረስ ሄዶ ለተሳለመ ሰው የሚሰጥ ስም ነበር አሉ፤ ኋላ የተሳላሚ ሁሉ መጠሪያ ሆነ። ተይሺዶ ላይ በደረቱ የሚሳበውም ይህን ስም አይነፈግም። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከሁሉም በላይ የሚገባው ለሱ ነው።

«እማዬ ናት እንዴ?»

«እናትሽማ ይኸው ክንድሽን ይዘው እየሄዱ ነው። ይሄ ጠሪ ያጣ ነው። የናንተው ሰው።»

«ከእማዬ ሌላ የሞተብን የለም።»

አሮጊቷ በዓይናቸው የእንሽላሊቱን እርጥብ ጀርባ አሳዩዋት።

ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ «ግቢ፣ እማዬ» አለች፤ ክንዷ ቀለል አላት። እንሽላሊቱ ግን ደፉ ላይ ቀረ። ሰው እየተሻገረው ይገባል። እሱ አይገባም፣ አይመለስም፤ ቀና ብሎ ሳሌታን ያያታል። ከላዩ የሚንጠባጠበው ውሃ ድንጋዩን አርሶታል። ጣቷን ነክራ ቀመሰችው። ጨው ነው።

«እማማ፣ ከጠራሁትኮ ሞተ ማለት ነው።»

«ካልጠራሽው ደግሞ እዚሁ ይከርማል፣ ልጄ።»

ሳሌታ ተናደደች። ታዲያ በየሌሊቱ በሩን ሳትቀረቅር ያደረችው፣ የሼናሮን ጫማ ቀለም እየቀባች ያስቀመጠችው ለምን ነበር? እናቷስ በተስፋ ያረጀችው? ከዚህ በኋላ እቤት ተቀምጣ የምትጠብቀው ሰው የላትም። ቢሆንም ተንበረከከች።

«ሼናሮ፣ ግባ። እማዬም ውስጥ ናት።»

እንሽላሊቱ ገባ። እሷ ደጁ ላይ ቀርታ፣ ለወንድሟ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።