በጀርባው የታረመ ወረቀት

«ዜሮ ከአርባ ይላል» አለች የትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በቀይ ነው። ከሥሩ ደግሞ ‹ፊደላቱ ትርጉም አይሰጡም፤ ብሬል መለማመድ ያስፈልጋል› የሚል ተጽፏል። እኔ እንጃ እህቴ፣ እንዳለ ነው ያነበብኩልሽ።»

ውጤቷ የተነበበላት ልጅ ዓይነ ስውር ስትሆን የልዩ ፍላጎት ትምህርት የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ናት። ከስድስት ዓመቷ ጀምሮ የምታነበው በጣቷ ነው። ብሬል ተለማመጂ መባሏ መጀመሪያ ግራ አጋባት፣ ቀጥሎ አናደዳት፣ ከዚያ አንድ ነገር ጠረጠረች።

«ቀዩ የተጻፈው በየትኛው ፊቱ ነው? እስቲ እጄን አስነኪኝ።»

ጸሐፊዋ እጇን ይዛ ወረቀቱ ላይ አሳረፈችላት። ከጣቷ ሥር ያገኘችው ጉድጓድ ጉድጓዱን ነው። ብሬል በእጅ ሲጻፍ ወረቀቱ ከቀኝ ወደ ግራ ይወጋል፤ ሲገለበጥ ነጥቦቹ ወደ ላይ ያብጡና ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባሉ። ይህን አንደኛ ክፍል የገባ ዓይነ ስውር ሕፃን ያውቀዋል። የዓይነ ስውራንን ትምህርት አሥራ ሦስት ዓመት ያስተማረው ሰውዬ ግን አሥራ አራት ገጽ ሙሉ በጀርባው፣ ፊደሉ ሁሉ ተገልብጦበት፣ ሲያርም ከርሟል።

ተማሪዎች «ዶክተር አይዞን» ይሉታል፤ ያገኘውን ሁሉ ትከሻ እየመታ አይዞን ስለሚል። ዓይነ ስውር ሲያነጋግር ይጮኻል፣ መስማት የተሳነውን ሲያገኝ ደግሞ ጆሮው ሥር ያንሾካሹካል። ብሬልን የሚያስተምረው በስላይድ ነው። ግድግዳው ላይ ነጥብ እያበራ «እዩት፣ እንዴት ያምራል!» ይላል፣ ከፊት የተቀመጡት ሦስት ዓይነ ስውራን እርስ በርስ በክርን ይጎሻሸማሉ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ይህንኑ የኮርሱን ጽሑፍ በኮምፒውተር ልጻፈው ብላ ስትለምነው እንኳ «በብሬል ይሁን፤ የራስሽ ጽሕፈት ነው፣ ኩሪበት!» ያላት እሱ ነበር።

ነገሩ ግን ስቀው የሚያልፉት አልነበረም። ውጤት የሚመዘገብበት ሲስተም በአሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል። ይህን ኮርስ ከወደቀች ዘንድሮ አትመረቅም፤ ካልተመረቀች ደግሞ አንድ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት እስከ ሰኞ ብቻ የያዘላት የመምህርነት ቦታ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ወረቀቶቿን ተቀብላ፣ በትሯን ዘርግታ ወደ ዶክተሩ ቢሮ ስትራመድ እናቷ ደወለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ የስፌት መኪናዋን ሳታቆም ነው የምታወራው። ልጅቷ የሆነውን በአጭሩ ነገረቻት።

«ሳቅሽበት እንዴ?»

«ገና አልሳቅኩበትም እማዬ።»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢ! የሚሰጥሽን ተቀብለሽ ነይ። ሥራውን ከያዝሽ በኋላ እንደልብሽ ትሰድቢዋለሽ።»

«እሺ» አለች። ከልቧ ነበር እሺ ያለችው።

«መጣሽ የኔ ልጅ! ወንበር በስተቀኝሽ አለ!» ብሎ ዶክተር አይዞን ቢሮው እንደገባች ከመንገድ ማዶ ያለች ይመስል ጮኸባት።

«ዶክተር፣ ወረቀቴን ያረሙት በጀርባው ነው።»

«እንዴት በጀርባው?»

ገጹን ገለበጠችና ጣቱን ይዛ ነጥቦቹ ላይ አስቀመጠችው። ላብ ያራሰው ለስላሳ ጣት ነው፤ መንጋው እንደጠፋበት በግ ወዲያ ወዲህ ተቅበዘበዘ። ወንበሩ ሲጥጥ ሲል ተሰማት።

«አየሽ፣ እኔ እኮ የብሬል ፊደል ሰንጠረዡን አጠገቤ አድርጌ፣ ነጥብ በነጥብ እያመሳከርኩ ነው የለፋሁት። ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።»

በድካሙ እንድታዝንለት ፈልጎ ነበር። እሷ ግን አንድ ሰው ሦስት ቀን ሙሉ ሲያነብ አንዲት ቃል ሳትገባው «የተሳሳትኩት እኔ ብሆንስ?» አለማለቱን እያሰበች ነበር።

«አይዞን፣ ይስተካከላል። ሠላሳ ስምንት ከአርባ አሁኑኑ አስገባልሻለሁ። ኤ ነው። ነገሩ በእኔና በአንቺ መካከል ይቅር።»

አመስግና መውጣት ብቻ ነበር የቀራት። ለመነሳትም በትሯን ጨብጣለች። ሆኖም አንድ ጥያቄ ሳትጠይቅ መሄድ አልቻለችም።

«የአምናዎቹን ወረቀቶቼንስ ማን አነበባቸው? ብሬላችንን ለመምህራን የሚያነበው ሠራተኛ ሥራ ከለቀቀ ሁለት ዓመቱ ነው።»

«እነዚያማ… በእምነት ነዋ። ጎበዝ መሆንሽን ማን ያጣዋል? ዘንድሮ ነው የጥራት ኮሚቴ የሚባል መጥቶ በየወረቀቱ ላይ እርማት ይታይ ያለው።»

አምና ከእሱ ዘንድ አራት ኮርስ ወስዳ ሦስቱን ኤ አምጥታ ነበር። እናቷ ልብስ ሊለኩ ለመጡ ሁሉ አውርታዋለች። እሷም ሲ ያገኙ ጓደኞቿን «ብታጠኑ ኖሮ» ብላ አፍንጫዋን ነፍታባቸዋለች። ለካ ጣቷ እስኪያብጥ የወጋችውን ወረቀት የከፈተው ሰው የለም። ሰውዬውን ድሮም ትንቀው ነበር። አሁን የናቀችው በተወረወረላት ኤ ስትኩራራ የከረመችውን ራሷን ነው፤ ይህኛው ደግሞ አመማት።

«ስንት ሰዓት ነው ዶክተር?»

«አሥር ከሩብ። ጊዜ አለን፤ ይኸው አሁን ላስገባው ነው።»

«አያስገቡ። እኔ አነብልዎታለሁ፤ ሰምተው የሚገባኝን ይሰጡኛል።»

«አሥራ አራቱንም ገጽ? ሲስተሙ ይዘጋብናል እኮ!»

«ሊዘጋ ይችላል።»

«ልጄ፣ ኤ እየሰጠሁሽ ነው!»

«ሰምቻለሁ። ዲ የሚገባው ሆኖ ካገኙት ዲ ይጻፉበት።»

ቦርሳዋ ውስጥ ስልኳ ነዘረ። እናቷ እንደሆነች ታውቃለች። ስልኩን አጠፋችው፤ ወረቀቶቹን ጭኗ ላይ አስተካክላ በሁለት እጇ የመጀመሪያውን መስመር ያዘች።

«ምዕራፍ አንድ» ብላ ጀመረች። «መዛኙ የልጁን ጽሑፍ ማንበብ ካልቻለ፣ የተሰጠው ውጤት የልጁ አይደለም።»

ጆሮዋን ወደ ጠረጴዛው አዘነበለች።

«ይጻፉ እንጂ ዶክተር። የብዕር ድምፅ አልሰማሁም።»