የዋስ ቃል

ጣሊያን በወጣ በሰባተኛው ዓመት፣ በክረምቱ፣ ተስቦ ገባ። ዝናቡ ሳያቋርጥ ሰነበተ፤ እህል ሻገተ፤ እንጨት ተወደደ። ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በላይ ካሉት አሥራ ሁለት ቤቶች አምስቱ ሬሳ አወጡ። የልብስ ሰፊው የፍስሃ ሚስት አስካለ በነሐሴ ሞታ ጊዮርጊስ ተቀበረች። ልጅ አልነበራቸውም።

በኅዳር ፍስሃ ጎረቤቱን እምሩን ይዞ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ሽጉጥ ሊገዛ ነው። ያለ ፈቃድ አይሸጥለትም፤ ፈቃዱም ያለ ዋስ አይሰጥም።

አሥር አለቃው መዝገቡን ገልጦ እምሩን ጠየቀ።

"ስንት ዓመት ያውቋቸዋል?"

"ሃያ አንድ።"

"ሰው አቁስለው ያውቃሉ?"

"በመርፌ የወጋው ደንበኛ ካለ እንጃ።"

አሥር አለቃው አልሳቀም። "ይጠጣሉ?"

"አይጠጣም።"

"ሽጉጡ ለምን አስፈለጋቸው?"

"ሌባ አስቸገረኝ" አለ ፍስሃ ቀደም ብሎ።

እምሩ ዞር ብሎ አየው። ፍስሃ ከነሐሴ ወዲህ በሩን ዘግቶ አያውቅም። አስካለ ከጊዮርጊስ ስትመለስ እንዳታንኳኳ ብሎ ገርበብ አድርጎ ይተወዋል። ለሽጉጡ መግዣ ደግሞ የስፌት መኪናውን ትናንት ሸጧል። ሌባው ምን ሊወስድ ይመጣል?

"እዚህ ላይ ይፈርሙ።"

እምሩ ብዕሩን መልሶ አስቀመጠ። "ዋስ አልሆንም።"

ደጅ ሲወጡ ፍስሃ ክንዱን ጨምድዶ ያዘው።

"ጣሊያን ድልድዩ ላይ ሲይዝህ 'ወንድሜ ነው' ብዬ የማልኩት እኔ አይደለሁም? ገመዱን ካንገትህ ያወለቀው የኔ ቃል ነው። አንድ ፊርማ ብለምንህ!"

"አልረሳሁም።"

"ታዲያ?"

"አስካለ ጋ ልትሄድበት ነው።"

ፍስሃ እጁን ለቀቀ። "ናፈቀችኝ" አለ።

መኪናውን ሊያስመልሱ ወደገዛው ነጋዴ ወደ አብዱልሃሚድ አብረው ወረዱ። አብዱልሃሚድ ገንዘቡን ሳይከራከር ተቀበለ። "ክሩን እንኳ አልፈታሁትም" አለ። ተጋግዘው ተሸከሙት።

መሸት ሲል እምሩ ፍራሹን ከቤቱ አምጥቶ ፍስሃ ቤት ውስጥ ከበሩ ሥር ዘረጋ።

"በሩን አትዝጋው" አለ ፍስሃ።

"አልዘጋውም።"

"ይበርድሃል።"

"ይብረደኝ።"

"እስከ መቼ ነው?"

"ወንድሜ ነው ብለህ ምለህ የለ?"

ፍስሃ ከሳጥኑ የአስካለን ጋቢ አውጥቶ ደረበለት። ደጃፉ ላይ ቆሞ ወደ ጊዮርጊስ የሚወስደውን መንገድ ብዙ አየ።

"በቃ፣ ዕዳህን ከፍለሃል" አለና ገብቶ በሩን ከውስጥ ዘጋ፤ መቀርቀሪያውን ገፋ።