የጋሽ ደቂቃ የባሕር ስምሪት

ጋሽ ደቂቃ ይሉታል። ስሙን ያወጡለት ሾፌሮች ናቸው። በከተማው የአውቶቡስ ድርጅት ስምሪት ክፍል ሠላሳ አንድ ዓመት ሲሠራ፣ የትኛው አውቶቡስ በየትኛው መስመር በስንት ሰዓት እንደሚወጣ የሚወስነው እሱ ነበር። ለአንዲት ደቂቃ ሲል ከገዛ ጥላው ጋር ይጣላል ይባልለታል። ጡረታ ወጥቶም አልለቀቀውም፤ በረንዳው ላይ ተቀምጦ የሚያልፉትን አውቶቡሶች ከእጅ ሰዓቱ ጋር እያስተያየ፣ የዘገየውን "ኧረ አንተ ሰውዬ፣ ሰው እኮ ቆሞ ይጠብቅሃል!" እያለ ብቻውን ይቆጣል።

የጉዞውን ነገር የጀመረችው ታላቅ እህቱ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የቤቷን የፊት ክፍል ሱቅ አድርጋ ከሴት ልጇ ጋር ትኖራለች። አንድ ቀን ጥርሷን ልታስነቅል ሄዳ ተራ ስትጠብቅ አንድ ያረጀ መጽሔት ገለጠች። ከዚያ በቀጥታ ወደ ወንድሟ በረንዳ መጣች፤ ጉንጯ አብጧል፣ ምላሷ ተሳስሯል።

"እሳተ ገሞራ ላይ ይተኛሉ!" አለችው።

"እነማን?"

"ሰዎች ናቸዋ! አትላንቲክ ውቅያኖስ መሃል ደሴቶች አሉ። ተራራው አፉን ከፍቶ ቁጭ ብሏል፤ እነሱ ደግሞ አፉ ውስጥ ቤት ሠርተው፣ አመዱ ላይ ወይን ተክለው ይኖራሉ። እንዴት አድርጎ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል?"

"እትዬ፣ ማደንዘዣው አለቀቀሽም። ግቢና አረፍ በይ።"

"አላርፍም። ሄጄ ነው የምጠይቃቸው።"

እህቱ አንዴ አለች ማለት አለች ነው። ማደንዘዣው ለቀቀ፣ ጉንጯም ጎደለ፣ ሐሳቧ ግን ንቅንቅ አላለም። ጋሽ ደቂቃ አንድ ሳምንት ሲያመነታ ቆይቶ "እንግዲያው ጉዞ ማለት ስምሪት ነው፤ ስምሪቱን ለእኔ ተዪው" አለና ማስመሪያውንና እርሳሱን ይዞ ሱቋ ገባ።

ጨርቅ የምትቆርጥበት ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ካርታ ተዘረጋ። ሰው የሚኖርባቸው ደሴቶች ሰባት ናቸው። እያንዳንዱ ላይ ስፒል ተክሎ እንደ አውቶቡስ መስመር ቁጥር ሰጣቸው። ጀልባ የሚሄድበትን በቀይ ክር፣ አውሮፕላን የሚሄድበትን በነጭ ክር አያያዘ። እህቱ ክሯን ፍለጋ በመጣች ቁጥር "አምስትን ከስድስት የሚያገናኘው ነው፣ እንዳትነኪ!" እያለ ያባርራታል።

ልጅቷ ሆቴል ውስጥ እንግዳ ተቀባይ ናት፤ የደሴቶቹን ቋንቋ እዚያው ከእንግዶች ጋር ስትሠራ ተምራዋለች። ከሥራ ስትመለስ አጎቷ በሩ ላይ በጥያቄ ይቀበላታል።

"ይሄ አራት ቁጥር ለምለም ነው፤ ጎረቤቱ አንድ ቁጥር ደግሞ ራሰ በራ። ዝናቡ ያዳላል እንዴ?"

"አራት ቁጥር ተራራው ረጅም ስለሆነ ደመናውን ያስቀረዋል፣ አጎቴ። አንድ ቁጥር ያረጀ ነው። እሳቱ ከጠፋ ብዙ ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል፤ ነፋስና ዝናብ ሸርሽሮ ሸርሽሮ ሜዳ አድርጎታል።"

"ደሴትም ጡረታ ይወጣል በይኛ!" አለና እስኪያስለው ሳቀ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አውቶቡስ ሲልክ፣ ከመጨረሻው ፌርማታ ወዲያ ምን እንዳለ ጠይቆ አያውቅም ነበር። አሁን ግን አሸዋው ለምን እንደጠቆረ፣ ጨው ከየት እንደሚወጣ፣ ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ወፎቹ ምን እንደሚበሉ ካላወቀ ምግብ አይበላለትም።

ችግሩ የመጣው ስድስት ቁጥር ላይ ነው፤ ያ አፉን የከፈተው ተራራ ያለበት ደሴት። ጀልባዋ የምትሄደው በሳምንት ሁለት ቀን ሲሆን፣ ከመነሻ ሰዓቱ ሥር በደቃቅ ፊደል የተጻፈ ነገር አለ። ልጅቷ ካነበበችለት በኋላ የወደቡ ጽሕፈት ቤት ደወለች። አንዲት ሴት አነሳች።

"ማክሰኞ ትሄዳለች፣ ባሕሩ ከፈቀደ፣ ትላለች" ብላ ተረጎመች ልጅቷ።

"ካልፈቀደስ?" አለ ጋሽ ደቂቃ።

"ረቡዕ።"

"ረቡዕም ካልፈቀደ?"

የሴትዮዋ ሳቅ ከስልኩ አልፎ ሱቁን ሞላው። "የሚቸኩል ሰው ደሴት ላይ ምን ይሠራል? ትላለች።"

እህቱ መቀሷን ጥላ ተጠጋች። "እስቲ ስለ እንቅልፉ ጠይቂልኝ!"

ጥያቄው ተላለፈ። ሴትዮዋ ብዙ አወራች፤ ልጅቷም ራሷን እየነቀነቀች አዳመጠች። "የሴትዮዋ አጎት እዚያው ተራራው አፍ ውስጥ ነው የሚኖረው። ተራራው አንዴ ቤቱን በላበት። ሸሸ፤ ሲቀዘቅዝ ተመልሶ ሌላ ሠራ። አፈሩ እንደሱ ያለ የትም የለም ይላል። ደግሞስ እናንተ መኪና በመስኮታችሁ ሥር ሲጮህ እያደረ እንዴት እንቅልፍ ይወስዳችኋል? ብላለች።"

መልሱ የእህቱን አንጀት አራሰው። ጋሽ ደቂቃ ግን ዓይኑን ከካርታው አልነቀለም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ወር አለፈ። ዕቅድ ያወጣል፣ ይቀድደዋል፣ እንደገና ያወጣል። እህቱ "ደረስክ?" ስትለው "ትንሽ ቀረኝ" ይላል። አንድ ከሰዓት በኋላ ለቀሚስ ልኬት የሚሆን ወረቀት ስትፈልግ ከካርታው ሥር አንድ ሉህ አገኘች። የአሥራ ሁለት ቀን ጉዞ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ተጠናቅቆ ተጽፎበታል፤ ላዩ ላይ ያለው ቀን ሁለት ወር ያለፈው ነው። ከዳር እስከ ዳር በመስመር ተሰርዟል። "ከፈቀደ" የሚለው ቃል ብቻ ሁለት ጊዜ ተከቧል።

"ይኼ ምን ጎድሎት ነው?" አለችው፣ ሉሁን አፍንጫው ሥር ይዛ።

"አያስተማምንም።"

"ወንድሜ፣ እኔን አትሸውደኝ። ፈርተሃል።"

ሊቆጣ ቃጣው፤ ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ለማንም ያልነገረውን ያን ጊዜ ነገራት።

ክረምት ነበር። አንድ ጎልማሳ ሾፌር ወደ ስምሪት ክፍሉ መስኮት መጥቶ "ጋሼ፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ድልድዩን ሊያልፈው ነው፤ ትንሽ ብንቆይስ?" አለው። እሱ ሰዓቱን አየ። "ሰዓት ሰዓት ነው" ብሎ የመውጫ ወረቀቱ ላይ ማኅተሙን መታበት። አውቶቡሱ ድልድዩ መሃል ሲደርስ ውሃው ገፍቶ ከብረት አጥሩ ጋር አጣበቀው። ሠላሳ አራት ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ሲጮህ ዋለ። የሞተ የለም። ሾፌሩ ግን ከዚያ ወዲህ መሪ ሲይዝ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ መለዋወጫ መጋዘን ውስጥ መደቡት።

"አንድ ቀን እንኳ ወቅሶኝ አያውቅም" አለ ጋሽ ደቂቃ። "በየጠዋቱ 'እንዴት አደርክ ጋሼ' ይለኝ ነበር። የገደለኝ ያ ሰላምታው ነው። ከዚያ ወዲህ 'ምናልባት' ያለበት መንገድ ላይ ሰው አላሳፍርም ብዬ ምዬ ነበር።"

እህቱ ደረቷ ላይ የሰካቻቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ ነቅላ የስፒል ትራሷ ላይ ሰካች። 

"ታዲያ የዚያን ቀን 'ምናልባት' ያለህ ሾፌሩ ነበራ" አለችው በመጨረሻ። "እውነቱን የያዘው እሱ ነበር። ያላዳመጥከው አንተ ነህ።"

ጋሽ ደቂቃ፣ ልጅቷ ከሥራ ስትገባ ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ "ለወደቡ ሴትዮ ደውይልኝ" አላት።

"ምን ልበላት፣ አጎቴ?"

"ጀልባዋ እንድትወጣ የሚወስነው ማነው በያት።"

"ካፒቴኑ ነው" የሚል መልስ መጣ። "ጠዋት ወጥቶ ውሃውን ያያል።"

"አለቃው ውጣ ብሎ ቢያዘውስ?"

"አለቃው የሚኖረው ሌላ ደሴት ላይ ነው። ከዚያ ሆኖ የእኛን ውሃ በምን ዓይኑ ያየዋል? ትላለች።"

"በቃ" አለ። "አመስግኝልኝ።"

በማግስቱ ወደ ድርጅቱ ሄደ። ጡረታ ከወጣ ወዲህ በሩን ሲረግጥ የመጀመሪያው ነው። መጋዘኑ ውስጥ የጎማና የቅባት ሽታ አለ፤ የቀድሞው ሾፌር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ብሎኖች ይለያል። ጋሽ ደቂቃ ይቅርታ ሊጠይቅ መንገዱን ሙሉ ቃላት ሲደረድር መጥቶ ነበር፤ አፉን ሲከፍት ግን የወጣው ሌላ ነገር ነው።

"የዚያን ቀን፣ ወንዙ እንደሚሞላ በምን አወቅክ?"

ሰውዬው ቀና ብሎ አየው። ብሎኑን አስቀመጠ። "በድምፁ" አለ። "ቤቴ ወንዙ ዳር ነው። ውሃ ሲበረታ ከሥር ድንጋይ ያንከባልላል፤ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው ድምፅ ያሰማል። ያን ጠዋት ሲያፋጭ ነበር።"

"እኔ እኮ አልጠየቅኩህም።"

"አልጠየቅከኝም።" ሾፌሩ አንድ የጎማ ክምር በእግሩ ገፋ አድርጎ አቀረበለት። "ተቀመጥ እስቲ፣ ጋሼ።"

ተቀመጠ። ስለ ወንዙ፣ ስለ ድልድዩ፣ ጣሪያው ላይ ወጥተው ሰዎቹ ስላወሩት ነገር አንድ ባንድ ጠየቀ፤ ሾፌሩም አንድም ሳያስቀር ነገረው። አንዲት አሮጊት ዶሮዋን በቅርጫት ይዛ ጣሪያ ላይ እንደወጣች ሲነግረው ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ደግሞ ሳቃቸው ቆመና ጋሽ ደቂቃ "አጥፍቻለሁ" አለ። ሾፌሩ "አውቃለሁ" ብሎ እጁን ጨበጠው። የሾፌሩ እጅ ያን ያህል አይንቀጠቀጥም ነበር።

አዲሱ ዕቅድ በአንድ ቀን አለቀ። ከሰባቱ ደሴቶች ዕቅዱ ውስጥ የገቡት ሦስቱ ብቻ ናቸው። እህቱ ወረቀቱን አንብባ "እነዚህ ባዶ መስመሮች ምንድን ናቸው? አራት ቀን ሙሉ ምንም አልጻፍክባቸውም" አለችው።

"የባሕሩ ናቸው።"

ሄዱም። ልጅቷ ፈቃድ ስላላገኘች አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሸኘቻቸው፤ ሲቸግራቸው የሚያሳዩዋቸውን ሦስት ዓረፍተ ነገሮችም በደሴቶቹ ቋንቋ በወረቀት ጽፋ ሰጠቻቸው። ባሕሩ ማክሰኞ እምቢ አለ፤ ረቡዕም እምቢ አለ። ሐሙስ ካፒቴኑ ጠዋት ወጥቶ ውሃውን አይቶ ራሱን በእሺታ ነቀነቀና ተሳፈሩ። እህቱን መንገዱን ሙሉ ሲያስመልሳት ዋለ፤ እሱ ደግሞ ያለ ቋንቋ፣ በእጁ ብቻ፣ መርከበኞቹን ስለ ሞተሩ ሲጠይቅ ዋለ።

ስድስት ቁጥር ላይ በደረሱ በማግስቱ ጥቁሩ አሸዋ ላይ ወጡ። እህቱ ባሕሩ ወደ ዳር የተፋው፣ እንደ ዳቦ የተቦረቦረ ግራጫ ድንጋይ አነሳች። ቅለቱ ገርሟት ወደ ውሃው ወረወረችው።

ድንጋዩ አልሰጠመም። ብቅ አለና ማዕበሉ ላይ ይጨፍር ጀመር።

"አየኸው?" ብላ ጮኸች። "ድንጋይ ተንሳፈፈ እኮ!"

ጋሽ ደቂቃ ጎንበስ ብሎ አየ። "ይሄማ በቅርብ መታየት አለበት" አለና፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ ተከትሎት ውሃው ውስጥ ገባ።