የሚያንቃጭል ልብስ

አባባ ጻንኮ ካርቶኑን ሚዛኑ ላይ ሲያሳርፉት ቅጭል አለ።

«ምን ይዟል?» አለች የዕቃ አድራሹ ድርጅት ሠራተኛ ስቬትላ።

«ልብስ።»

«ይኼ ልብስ ያንቃጭላል እኮ።»

«አዝራሩ ነው።»

ስቬትላ ሳቋን ዋጠች። ብልቃጥ ከተባለ ድርጅቱ ለስብራት አይከፍልም፤ ስለዚህ በመከር ወራት መንደሩ ሁሉ ከተማ ላሉት ልጆቹ የሚልከው «ልብስ» ነበር።

የአባባ ጻንኮ ካርቶን የያዘው ሉተኒጻ ነው፤ ቃሪያውን ጠብሰው፣ ልጠው፣ ከቲማቲም ጋር ያንተከተኩት ድልህ። ባለቤታቸው ዝላታ ካረፉ ወዲህ ብቻቸውን ሲሠሩ የመጀመሪያቸው ነው። ሶፊያ ከተማ የምትኖረው ልጃቸው ዮርዳንካ ድርስ እርጉዝ ናት። «የእማዬን ሉተኒጻ አማረኝ» ብላ በስልክ ካለቀሰች ጀምሮ ሌላ ሐሳብ አልነበራቸውም።

«እኔስ ልቀበልዎት» አለች ስቬትላ፤ «ግን ውሉን ይስሙኝ። ያልተናገሩት ነገር ፈስሶ የሰው ዕቃ ቢያበላሽ ተጠያቂው እርስዎ ነዎት። አብሮት የሚጫነው ደግሞ የጎረቤታችን የጊና ልጅ የሙሽራ ቀሚስ ነው።»

አባባ ጻንኮ ጥግ ላይ የተቀመጠውን ጥቅል አዩት። ነጭ ቀሚስና ቀይ ድልህ በዓይናቸው መጣ።

«እውነቱን ብናገርስ?»

«በደንብ ከታሸገ ይሄዳል። ቢሰበር ግን ድርጅቱ የለበትም።»

«ቢሰበር ኪሳራው የኔ፣ ባይሰበር ትርፉ የናንተ?»

«ምን ላድርግ አባባ፣ ውሉን የጻፈው ሰው ሉተኒጻ በልቶ አያውቅ ይሆናል።»

ሽማግሌው እየሳቁ ካርቶኑን ከፈቱ። በብልቃጦቹ መካከል የጎሰጎሱት ጋዜጣ ሳስቶባቸው ኖሯል። ጥቂት አሰቡና ዝላታ የሠሩላቸውን የሱፍ ሹራብ አውልቀው ክፍተቱን ሁሉ ደፈኑበት። ነቀነቁት፤ ድምፅ የለም። «ድልህ» ብለው አስጻፉ፣ ፈረሙ፣ በሸሚዝ ብቻ ነፋሱን እየተጋፉ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ዮርዳንካ የደወለችው አፏ ሙሉ ሆኖ ነው።

«አባዬ፣ አንዱም አልተሰበረም! ጨው ግን አብዝተሃል።»

«እናትሽም ታበዛ ነበር።»

«እሱማ! የሷን የመሰለው ለዚህ እኮ ነው። ሹራብህን መልሼ እልክልሃለሁ።»

«ብልቃጦቹንም!» አሉ ቆጣ ብለው። ባዶ ብልቃጥ ያልመለሰ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ሉተኒጻ አያገኝም።

ወር ሳይሞላ ስቬትላ አስጠራቻቸው። ካርቶኑን ከፍ አድርጋ ነቀነቀችው፤ ቅጭል፣ ቅጭል።

«ልጅዎ ምን ብላ እንዳስጻፈች ይገምቱ።»

አባባ ጻንኮ ገና ሳይመልሱ ሳቃቸው መጣ።

«ልብስ» አሉ።