ባለ ሦስት ክንፍ አራጋቢ

ስለ እኔና ስለ ጣሪያዬ ጌጃ ሰፈር ድረስ የተወራውን ሰምቻለሁ። የሆነው ግን እንዲህ ነው።

አሰብ አንድ የፈረንጅ መሐንዲስ ቤት ዘጠኝ ዓመት ዘበኛ ነበርኩ። እሱ ጣሪያው ላይ የሚዞር ቬንትሌተር ሥር ይተኛል፤ እኔ ደረጃው ላይ ላቤን እጠርጋለሁ። አንድ ቀን በሩ ተከፍቶ አገኘሁና ገብቼ ሥሩ ቆምኩ። እስከ አስር ቆጥሬ ሳልጨርስ መጣና «አንተ ቦታህ ውጭ ነው» አለኝ። አማርኛ ብዙም አይችልም ነበር፤ ይቺን ግን አጥርቶ ተናገራት።

አብዮቱ ፈንድቶ ወደ አገሩ ሲሄድ ዕቃውን ለሠራተኞቹ አከፋፈለ። ሌላው አልጋና ምንጣፍ ወሰደ፤ እኔ ቬንትሌተሩን መረጥኩ። ሳቁብኝ። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ በጭነት መኪና ልደታ አመጣሁትና አልጋዬ ሥር አስገባሁት። ስምንት ዓመት እዚያው ተኛ። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ በቀበሌ ቤት ሚስማር ለመምታትም ፈቃድ ይጠየቃል። ባለቤቴ ትርፌ፣ ልደታ ምን ሙቀት አለና ነው ትለኛለች። ነገሩ የሙቀት እንዳልሆነ ብዙ ጊዜ ነግሬያታለሁ።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ሐምሌ ላይ ቀበሌው የቤት ጥገና ማመልከቻ ይቀበላል ተባለ። የጌጃ ሰፈሩን የመብራት ሠራተኛ ኑሪን ጠራሁት። ኮርኒሳችን አቡጀዲ ነው። በመጥረጊያ እንጨት ገፋ ሲያደርገው ውስጡ የሆነ ነገር ተንከባለለ። ጨርቁን ተርትሮ የባሕር ዛፉን ወራጅ በሁለት እጁ ያዘና ተንጠለጠለበት፤ አልተነቃነቀም።

ከዚያ መብራት መረጣ ሆነ። ትርፌ እንደ ክሊኒኩ ረጅሙን ነጭ መብራት ፈለገች። እሱ ሰውን ሬሳ ያስመስላል ብዬ ክቡን ባለ ወተት ቀለም መስታወት መረጥኩ። ኑሪ አምፖል ከክንፎቹ በላይ ከሆነ ጥላው ግድግዳው ላይ እየተርገበገበ ራስ ያዞራል አለ። ስለዚህ ክቡ ከበሩ በላይ ግድግዳው ላይ፣ ነጩ ደግሞ ማድቤት እንዲሆን ተስማማን። ሲወጣ፣ «ጋሼ ገብሬ፣ መጀመሪያ ሲዞር ሥሩ ማንም እንዳይቀመጥ። ላይ የአይጥ አገር ነው» ብሎ አስጠነቀቀኝ።

የቀበሌው ጸሐፊ ኃይለሚካኤል ነው። በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ አስተማሪያችን ነበር። እኔን ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩትን ሰው፣ ሀ ሁ ከማያውቁ ባልቴቶች ጋር አስቀመጠኝ። ብነግረው «አባባ፣ ትዕቢት ይቅር» አለኝ። የምስክር ወረቀቴ ላይ ስሜን ገብረሊባኖስን አንድ ፊደል አጉድሎ ጻፈው። እስከ ዛሬ አልታረመም።

ስለዚህ ኑሪ አብነት ሰፈር በታይፕ የሚጽፍ ሰው አለ ቢለኝም ማመልከቻውን ራሴ ጻፍኩ። ቬንትሌተር የፈረንጅ ቃል ነው፤ ለመንግሥት ደብዳቤ አይሆንም። ማራገቢያ ደግሞ ትርፌ ከሰል የምታቀጣጥልበት የሰሌን ቁራጭ ነው፤ ያ በሰው እጅ ነው የሚሠራው። ይኼኛው ራሱ ያራግባል። ራሱ የሚያራግብ ነገር አራጋቢ ነው የሚባለው። በዚህ አሁንም አልረታም።

ኃይለሚካኤል ተራ ጠባቂው ሁሉ እየሰማ አነበበው። «ባለ ሦስት ክንፍ አራጋቢ በቤቴ ጣሪያ ላይ እንድሰቅል ይፈቀድልኝ ዘንድ በአክብሮት አመለክታለሁ።»

አጠገቤ የነበሩት ተራ ጠባቂዎች ፈቀቅ አሉ። በዚያን ጊዜ አራጋቢ የሚባለው በአብዮቱ ላይ ወሬ የሚነዛ ሰው ነው። በየስብሰባው ይጋለጥ የሚባለው እሱ ነው። እኔ ይህን አላሰብኩትም።

«ባለ ሦስት ክንፍ ነው?» አለኝ።

«አዎ። ክንፎቹ ለየብቻ ታስረዋል።»

«እሱስ የት ነው?»

«አልጋዬ ሥር። ስምንት ዓመቱ።»

«ባለቤትህ ታውቃለች?»

«አውጥተህ ጣለው እያለች ነው የምትጨቀጭቀኝ።»

«መስቀል ለምን አስፈለገህ?»

«ካልተሰቀለ አይሠራም።»

ኃይለሚካኤል ቃለ ጉባኤ መዝገቡን አውጥቶ ብዙ ጻፈ። ከዚያ ሁለት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች ጠብመንጃ አንግተው እኔን ከፊት፣ ጸሐፊውን ከኋላ አድርገው ቤቴ መጡ። ትርፌን ውጭ አቆሟት። አንደኛው አልጋውን አነሳ፣ ሌላው ብርድ ልብሱን በአፈ ሙዝ ነካው። ብረት ጮኸ። ሲፈታ ሞተርና ሦስት ክንፍ ወጣ። አልጋውን ያነሳው ጓድ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ኃይለሚካኤል አልሳቀም። አራጋቢ ተገኘ ብሎ መዝግቧል፤ የተከፈተ ቃለ ጉባኤ ደግሞ መዘጋት አለበት። «እኔ ባለሁበት ይሰቀል» አለ። «መሰቀሉን ጽፌ እፈርማለሁ።»

ፈቃዱ የተገኘው በዚህ ዓይነት ነው። ኑሪ ተጠራ፤ መንጠቆውን ወራጁ ላይ አጠበቀ፣ ሽቦውን ሳበ፣ ክንፎቹን ገጠመ። ቤታችን ያለው ባለ መደገፊያ ወንበር አንድ ነው። ልክ ከቬንትሌተሩ ሥር አደረግሁት፤ ያን ቦታ ስምንት ዓመት አስቤበታለሁ። ልቀመጥ ጎንበስ ስል ኃይለሚካኤል ቀድሞኝ ተቀመጠና መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ።

«አንተ በሩ ጋ ሁን» አለኝ።

በሩ ጋ ቆምኩ። ቦታውን አውቀዋለሁ።

ኑሪ ማብሪያውን ይዞ አየኝ። እኔም አየሁት። ጸሐፊው ስለ ኮርኒሱ የጠየቀኝ ነገር የለም።

«አብራው» አልኩት።

መጀመሪያ ቀስ ብሎ ዞረ። አቡጀዲው እንደ ሆድ ተነፋ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ተነፋ፣ ከዚያ ኑሪ ከተረተረው በኩል ክንድ ያህል ተቀደደ። ከጃንሆይ ጊዜ ጀምሮ የተጠራቀመ አፈር፣ የአይጥ ኩስ፣ የበቆሎ ቆረቆንዳና ትርፌ ስትፈልገው የኖረችው የእግር ሹራብ ወረደ። ቬንትሌተሩም ዝም ብሎ አልጣለውም፤ የኃይለሚካኤልን ካኪ፣ ፀጉሩን፣ መዝገቡን በእኩል አዳረሰው።

ኃይለሚካኤል መዝገቡን አራገፈና መሰቀሉን ጻፈ። ማመልከቻዬ ላይ አራጋቢ የሚለውን በቀይ ቀለም ሰርዞ ከላዩ ማራገቢያ ብሎ ጻፈበትና ፈረመ። «ሁለተኛ ስትጽፍ ለሚያውቅ ሰው አሳይ» አለኝ። ከቅንድቡ አፈር ይወርድ ነበር።

እነሱ ሲወጡ ትርፌ ጠረገች። ወንበሩን ወልውዬ ተቀመጥኩ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ነፋሱ ማጅራቴ ገባ። ይጥፋልህ አለችኝ፤ እምቢ ስላት ጋቢውን ወረወረችልኝ። እስከ ጆሮዬ ተከናንቤ እስከ አስር ቆጠርኩ። ማንም ውጣ አላለኝም። ሃያ ላይ ጥርሴ ተንገጫገጨ፤ ግን አልተነሳሁም።