የአባ ሬንጅ ጣሪያ

አባቴን ሰፈሩ በሙሉ አባ ሬንጅ ነው የሚለው። ጥፍሩ ሥር የገባው ሬንጅ በሳሙና ቢሉት በጋዝ ቢሉት አልወጣ ብሎ፣ እናቴ በሕይወት ሳለች «አንተን ከነሬንጅህ ነው ያገባሁህ» እያለች ትስቅበት ነበር። እኔም ሃያ ዓመት ሙሉ የአባ ሬንጅ ልጅ እየተባልኩ ባልዲ ተሸክሜ ደረጃ ስወጣ ኖሬያለሁ። ሴት ልጅ ጣሪያ ላይ ምን ትሠራለች ለሚለኝ ሁሉ የሚሆን መልስ ነበረኝ፤ እዚህ ባልደግመው ይሻላል።

ሥራችን ጠፍጣፋ ጣሪያ መጠበቅ ነው። በእኛ ከተማ ዝናቡ አንዴ ከጀመረ ማቆሚያውን አያውቀውም። ጠፍጣፋ ጣሪያ ደግሞ ውሃውን ወደየት እንደሚልከው ግራ ይገባዋል። መውረጃው በቅጠል ከታፈነ ውሃው ይተኛል፤ ከተኛ ስንጥቅ ይፈልጋል፤ ስንጥቅ ካገኘ የሰው ቤት ይገባል። ስለዚህ መውረጃ እንጠርጋለን፣ ስንጥቅ በሬንጅ እንሞላለን፣ ያበጠውን ልባስ ቀደን እንደገና እንለጥፋለን። በየዓመቱ ያው ነው። አለቀ፣ እፎይ የሚባል ነገር የለውም።

አባባ ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። በበጋ ጥገናው ሲያልቅ ሁለቱን መውረጃዎች በላስቲክ በተጠቀለለ ጨርቅ ይደፍንና ጣሪያውን በጎማ ሦስት ጣት ያህል ውሃ ይሞላዋል። ውሃው የደረሰበትን ግድግዳው ላይ በጠመኔ ያሰምራል። በማግስቱ ከመስመሩ ካልወረደ ጣሪያው አለፈ፤ ከወረደ እኛ ወደቅን። አንድ ሕግ አለችው፤ መውረጃውን የደፈነው ሰው ራሱ ይከፍተዋል፣ ሌላ ሰው አይነካውም። «አንቺ ከፍቶታል ትያለሽ፣ እኔ ከፍታዋለች እላለሁ፣ ከዚያ ሁለታችንም እንተኛለን» ይለኛል። እውነቱን ነው።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ግን አባባ አባባ አልሆን አለኝ። የጠረገውን ተመልሶ ይጠርጋል። እሳት ላይ የጣደው ሬንጅ እየፈላ «ሬንጁን አትጥጂም እንዴ?» ብሎ ይቆጣኛል። አንድ ቀን ደረጃ ላይ ቆም አለና እናቴ ምሳ አድርሳ እንደሆነ ጠየቀኝ። እናቴ ከሞተች አራት ዓመቷ ነው። እኔስ ምን አደረግኩ? ሳቅኩ። «አባባ፣ ሚስት አማረህ እንዴ? እንፈልግልሃ!» ብዬ ቀለድኩ። ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

የምንኖርበትና ጣሪያውን የምንጠብቀው ሕንፃ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ወሬውን ሰምቶ ጠራኝ። ክረምት ከበጋ ክራቫት የሚያስር ሰው ነው፤ ከዚያ በቀር ክፋት የለበትም። «እኅቴ፣ አባትሽ አርጅተዋል። አንድ ጥፋት ካየሁ የጣሪያውን ቁልፍ እቀበላቸዋለሁ» አለኝ። እግሩ ላይ መውደቅ ነው የቀረኝ። አባባ ከዚያ ጣሪያ ሌላ ምን አለው? እናቴ የሞተች ጊዜ ሰው ሁሉ ቢለምነው አልነሳ ብሎ፣ ዝናብ ሲያካፋ ሰምቶ «መውረጃው!» ብሎ ነው ከአልጋው የወረደው። ከጣሪያው ካወረዱት አለቀለት። ይህንኑ ለሰብሳቢው ነገርኩት፤ «ከዓይኔ አይጠፋም» ብዬም ቃል ገባሁ።

ቃሌን ያጠፍኩት አንድ ጠዋት ብቻ ነው። ክረምቱ እኩሌታ ላይ ነን። ሌላ ሕንፃ ላይ ውሃ ያስገባ መጋጠሚያ ነበርና «አባባ፣ አንተ ቤት ቆይ፣ መጣሁ» ብዬው ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ተቀደደ። ዝናብስ አይባልም፣ በበርሜል ነው የተደፋው። ስልኬ ጮኸ። ከጣሪያው ሥር፣ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት ልብስ ሰፊዋ እትዬ ናቸው።

«ልጄ፣ ውሃው ቤቴ ገባ» አሉኝ።

ስደርስ ውሃው የመብራቱን ገመድ ይዞ የመቁረጫ ጠረጴዛቸው ላይ ይወርዳል። የስፌት መኪናቸውን በብርድ ልብስ ሸፍነውታል። ያልሸፈኑት የወረቀት ልኮቻቸውን ነው። የሠላሳ ዓመት ደንበኞቻቸውን አንድ በአንድ ለክተው፣ ከወረቀት ቆርጠው ግድግዳው ላይ በምስማር የሰቀሏቸው ናቸው። እጅጌው ከደረቱ ተጣብቋል፣ የተጻፈበት ቁጥር ሁሉ ፈሷል። አንዱን ሊያነሱ ሲሉ እጃቸው ላይ ተቦጨቀ። ምነው በሰደቡኝ! ወደሚቀጥለው ወረቀት አለፉ።

ደረጃውን በረርኩበት። የጣሪያው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሰብሳቢው ቀድሞኝ ክራቫቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ቆሟል፤ ከኋላዬ ደረጃው ላይ ጎረቤት ተሰብስቧል። ውሃው ከቁርጭምጭሚት በላይ ነው። አባባም ጩኸቱን ሰምቶ መጥቶ መሀሉ ላይ ነው። ወደ አንዱ መውረጃ ሄደ፣ አጎነበሰ፣ እጁን እስከ ክርኑ ከተተና አንድ ነገር መዝዞ አወጣ። በላስቲክ የተጠቀለለ ጨርቅ! የእሱ አጠቃለል፣ የእሱ ቋጠሮ። ውሃ መሙያው ጎማም እንደተዘረጋ ነው።

ያኔ ገባኝ። ጠዋት ብቻውን ወጥቷል፤ በጋ መስሎት ጣሪያውን ሊፈትን ሞልቶታል፤ ሞልቶም ረስቶታል።

«ማነው ይህን የደፈነው?» አለ አባባ። እያስመሰለ አልነበረም፤ ጨርሶ አያውቅም። እኔን አየ፣ ሰብሳቢውን አየ፣ ከዚያ ጨርቁን እንደገና አየ። ቋጠሮውን በአውራ ጣቱ ሲዳስሰው ፊቱ ተለወጠ። አባቴን እንደዚያ ፈርቶ አይቼው አላውቅም። ሰብሳቢው ሊናገር ጉሮሮውን ጠረገ።

«እኔ ነኝ አባባ» አልኩ።

«አንቺ?»

«እኔ ነኝ። ጠዋት ደፈንኩትና ረሳሁት።»

ፍርሃቱ ከፊቱ ላይ ጥርግ ብሎ ጠፋ። በቦታው ንዴት ገባ። እውነቱን ልናገር፣ ያን ንዴት ሳይ ደስ አለኝ፤ አባቴ ተመለሰልኝ አልኩ።

«በክረምት? በክረምት ጣሪያ ይሞላል? ሃያ ዓመት ሙሉ ማንን ነው ሳስተምር የኖርኩት? የሰው ቤት'ኮ ነው ያፈረስሽው! የሰው ቤት!» ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ ነው። ምላሴን ሰፈሩ የሚፈራው እኔ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። «ከዛሬ ጀምሮ ጣሪያዬ ላይ እግርሽን እንዳላይ» አለኝ፤ ከሥራ በእጄ ይዤው የመጣሁትንም ብሩሽ ነጠቀኝ።

ሰብሳቢው ትክ ብሎ አየኝ። ሞኝ አይደለም። ግን እኔው ራሴ ጥፋተኛ ነኝ ብያለሁ፣ ምን ያድርግ? ቁልፉን ለአባባ ተወለት። ስወርድ ደረጃው ላይ ጠበቀኝና የጣሪያውን ትርፍ ቁልፍ እጄ ላይ አስቀመጠልኝ።

የእትዬን ወለል ሳደርቅ አመሸሁ። «የአባትሽን የእግር ኮቴ አውቀዋለሁ'ኮ» አሉኝ ጨርቅ እየጨመቁ። «ጠዋት ብቻቸውን ነበሩ። እያፏጩ ነበር። ደስ ብሏቸው ነበር ልጄ።»

«ለማንም እንዳይናገሩብኝ እትዬ።»

«እኔስ አልናገርም። አንቺ ግን ትችይዋለሽ?»

እችለዋለሁ አልኳቸው። ምን አውቄ!

ለካ አንድ ነገር አላሰብኩም ነበር። እሱን አድናለሁ ብዬ ጣሪያው ላይ ብቻውን ትቼዋለሁ። ከዚያ ወዲያ ቀኑን እትዬ ዘንድ ተቀምጬ፣ አዲስ ወረቀት እየቆረጥኩላቸው፣ ከበላያችን ያለውን እግር ማዳመጥ ሆነ ሥራዬ። ሲራመድ እተነፍሳለሁ፤ ቆም ሲል ልቤ ቀጥ ይላል። እሱ ሲወርድ እኔ ተደብቄ እወጣለሁ። ሁለት ጊዜ መውረጃው ተደፍኖ አግኝቼ ከፍቻለሁ። እራት ላይ ጨው አቀብዪኝ ከማለት ሌላ አያናግረኝም። ይሁን፣ ሁሉን ይረሳ የለ፣ ይህንንም ይረሳዋል ብዬ ጠበቅኩ።

የሚቀጥለው ክረምት ሲገባ ጉልበቱ ከዳውና አልጋ ያዘ። የእናቴን ስም ረሳ። አባ ሬንጅ ማለት ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። በመጨረሻ እኔንም ረሳኝ፤ ልብሱን ስቀይርለት «እግዜር ይስጥልኝ፣ አደከምኩዎት» ይለኛል። የገዛ አባቴ እርስዎ ሲለኝ መጀመሪያ ቀን ማድ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

አንድ ከሰዓት በማንኪያ ሾርባ እያበላሁት ዝናቡ መጣ። ጆሮውን ቀና አደረገ።

«ጣሪያውን ማን እያየው ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ደግ። እኔም ልጅ ነበረችኝ» አለ። «እጇ ወርቅ ነው። ስንጥቅ ከሩቅ ታያለች። ስንት ወንድ ቀጥሬ አሠርቻለሁ፣ እሷን የሚያህል አላየሁም።»

ማንኪያው እጄ ላይ ቀረ። በሃያ ዓመት አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብሎኝ አያውቅም።

«ታዲያ የት ሄደች?»

«ትረሳለች» አለ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። «በክረምት መውረጃ ደፍና ረሳች። የሰው ቤት አጠፋች። ሰው ፊት ሰደብኳት። ጣሪያ ለሚረሳ ሰው አይሰጥማ! አባረርኳት፤ ከዚያ ወዲያ አልመጣችም።»

እዚህ ነኝ፣ አልረሳሁም፣ አንተ ነህ የደፈንከው ልለው አፌ ላይ መጣ። ያ የፈራ ፊቱ ትዝ አለኝና ዋጥኩት። ሚስቱ፣ ስሙ፣ እኔ፣ ሁሉም ከራሱ ወጥቶ ሲሄድ የእኔ ውሸት ብቻ ቀርቶለታል። እንባውን በመዳፌ ጠረግኩለት፤ ማን እንደሆንኩ አላወቀም፣ ግን አልሸሸኝም።

«እርስዎስ?» አለኝ በጨዋ ደንብ። «ይረሳሉ?»

«አልረሳም» አልኩት።