አፉ አልልም

ሒክማ ልትሰናበት መጥታ፣ በረንዳቸው ላይ የዓሣ ቅርፊት ይፍቁ ከነበሩት ከእትዬ ተሾመች እግር ሥር ተንበርክካ «እትዬ፣ አፉ በሉኝ» ስትላቸው፣ እትዬ ተሾመች ቢላዋቸውን አስቀመጡና «አልልም» አሏት።

ሒክማ ጆሮዋን አላመነችም። እናቷ ሀጀራም ከኋላዋ ደርቃ ቀረች። እንዴት አትደርቅ! ሐይቅ ከተማም ሆነ አምባሰል ብትሄዱ፣ ረጅም መንገድ የሚነሳ ሰው ዘመዱንም ጎረቤቱንም፣ የተጣላውንም ያልተጣላውንም እየዞረ «አውቄም ሳላውቅም በድዬህ እንደሆነ አፉ በለኝ» ይላል። የተጠየቀውም፣ ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም፣ «አፉ ብያለሁ» ይላል፤ አለቀ። ደመኛ እንኳ ይላል። አፉ ሳይባል የተነሳ ሰው የሌላውን ሐቅ ተሸክሞ ሄደ ነው የሚባለው፤ ሐቅ የተሸከመ ደግሞ መንገዱ አይቀናውም።

«እትዬ፣» አለች ሀጀራ ድምጿን አለስልሳ፣ «ልጅቷ እኮ ሐሙስ ወደ ሪያድ በራሪ ናት።»

«ሰምቻለሁ። ደላላው አውሮፕላኑን ራሱ የሠራው ይመስል ከተማውን ሲዞርበት ሰነበተ አይደል?»

«ታዲያ አፉ በሏታ!»

«አልልም አልኩ እኮ! አንቺ ሀጀራ፣ አንደኛ ክፍል ሳለሽም ጆሮሽ እንዲሁ ያስቸግርሽ ነበር።»

ሒክማ እንባዋ መጣ። «ምን በደልኩዎት?»

«ጀምረሽ ሳትጨርሺ ልትሄጂ! ይኼ ነው በደልሽ።»

«ማትሪኩን ወደቅኩ እኮ!»

«አንቺ ብቻ ነሽ የወደቅሽው? አገሩ ሁሉ ወድቋል። የወደቀ ይነሳል እንጂ ሳውዲ ይሄዳል እንዴ?»

እትዬ ተሾመች ክፉ ሴት አይደሉም፤ ግትር ናቸው። ሐይቅ ተመድበው ሲመጡ ገና ኮረዳ ነበሩ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ «የተራበ ልጅ አይማርም» ተብሎ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ፣ እሳቸው ዋርካ ሥር ሰብስበው አስተማሩ። ጡረታ ወጡ ሲባል በረንዳቸውን ክፍል አደረጉት፤ ሒክማም ፊደል የቆጠረችው እዚያው ነው። በቅርቡ ጦርነት የትምህርት ቤቱ ወንበር ሁሉ ተማግዶ ሲጠብቃቸው ደግሞ፣ ልጆቹን ድንጋይ ላይ አስቀምጠው በከሰል ግድግዳው ላይ ሀ ሁ ጻፉላቸው። ስማቸው ተሾመች ይሁን እንጂ አንድም ቀን ተሹመው አያውቁም፤ ርዕሰ መምህር ሁኚ ሲባሉ «አንደኛ ክፍልን ለማን ጥዬ!» ብለው እንቢ አሉ። ባላቸውን ቀበሩ፤ ልጅ አልወለዱም። ግን ገበያ መሐል ቆመው «ልጄ!» ብለው ቢጣሩ ግማሹ ገበያ አቤት ይላል።

ዓረብ አገር የሚሄዱትን ሁሉ አፉ ብለው ሸኝተዋል። ዙለይሃንም ሸኝተዋል። ዙለይሃ ሒሳብ በጣቷ ሳትቆጥር የምትሠራ፣ ሳቋ ከውጭ የሚሰማ ልጅ ነበረች። ሄደች፤ መጀመሪያ ሰሞን ደወለች፤ ከዚያ ድምጿ ጠፋ። እናቷ ዛሬም ስልክ በጮኸ ቁጥር ክው ትላለች። እትዬ ተሾመችም ያን ቀን ያለ ሐሳብ «አፉ ብያለሁ» ማለታቸው አንጀታቸውን ይበላዋል። ሒክማ ስትንበረከክ የታየቻቸው ዙለይሃ ናት።

ወሬው ከተማውን አዳረሰ። «አሮጊቷ አበዱ» ያለም አልጠፋ። ሐዘንም ደስታም ሲሆን የሚደርሰው የሰፈሩ ቅሬ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሊለምኗቸው መጡ። ፊት ቀዳሚው ጢሙን ሂና የተቀባው የድሮ ተማሪያቸው ጋሽ ሀሚዱ ነበር።

«እትዬ፣ ለአላህ ብለው ይችን ልጅ…»

«አንተ ሀሚዱ፣ ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት ነው?»

ጋሽ ሀሚዱ የልጅ ልጅ ያየ፣ ስንት የደም ነገር ያስታረቀ ሰው ነው። ላብ አጠመቀው። «ሃምሳ… ሃምሳ አራት?»

«ሂድ አጥንተህ ና። ያኔ እንነጋገራለን።»

ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው ተመለሱ።

ሐሙስ ደረሰ። ሒክማ ሻንጣዋን ዘግታ ብትነሳ ሀጀራ በሩ ላይ ቆመች። «ወላሂ፣ የእትዬን ሐቅ አሸክሜ አልሰድሽም። ባሕር ማዶ አንድ ነገር ብትሆኚ ምን ይውጠኛል?» አውሮፕላኑ ያለ ሒክማ በረረ። ደላላው ተሳደበ፣ ፎከረ፣ በመጨረሻም ሌላ ልጅ ፈለገ።

ሒክማ ስታለቅስ ሰነበተችና አንድ ጠዋት ዓይኗ እንዳበጠ የእትዬ ተሾመችን በር በረገደችው።

«እንጀራዬን ዘጉብኝ! እንግዲያው ያስተምሩኝ!»

«እኔ? እኔ ፊዚክስ የት አውቄ!»

«ታዲያ ለምን አስቀሩኝ?»

እትዬ ተሾመች ደነገጡ። እውነቷን ነው። ለካ እንቢ ማለት ቀላል ነው፤ ዳገቱ ከእንቢታው ወዲያ ነው። ምርኩዛቸውን አነሱና «ተከተይኝ» አሏት። ቀጥ ብለው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ መምህራኑ ሻይ የሚጠጡበት ክፍል ገቡ። ሒሳብ የሚያስተምረው ማህዲ ከባልደረቦቹ ጋር ተቀምጧል።

«ማህዲ፣ አንደኛ ክፍል ሳለህ ሱሪህ ላይ ሲያመልጥህ ማን ነበር አጥቦ ያለበሰህ?»

«እትዬ! ኧረ ቀስ ይበሉ!»

«ማታ ማታ እየመጣህ ይችን ልጅ ካስጠናህ ቀስ እላለሁ።»

ባዮሎጂውን ከጤና ጣቢያ ነርሷን ፋናን፣ ፊዚክሱን የማህዲን ጓደኛ በዚሁ መንገድ አስገደዱ። በረንዳው እንደገና ክፍል ሆነ። የሚጠናው ባይገባቸውም እትዬ ተሾመች ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ፤ ሒክማ ካንቀላፋች ጠረጴዛውን በምርኩዛቸው ቷ! ያደርጉታል። እሷም ትነጫነጫለች፤ ግን አልቀረችም። እንዲያውም የከበዳት ነገር ሲገባት ዘላ እየተነሳች የምታቅፈው ማህዲን ሳይሆን እሳቸውን ሆነ።

ግንቦት ላይ፣ ፈተናው ሲቃረብ፣ እትዬ ተሾመች ወደቁ። ደሴ ወስደው ቢያሳዩአቸው ሐኪሙ «ልባቸው ደክሟል፤ ዕድሜም ነው» ብሎ ወደ ቤት መለሳቸው። ሀጀራ የዓሣ ሾርባ ሠርታ ብታቀርብላቸውም፣ ምግብ አልፈልግም አሉ። ከበቂ በላይ ኖሬያለሁ፣ አሁንስ ልረፍ ብለው ቆርጠዋል። እሳቸውም እንግዲህ የረጅም መንገድ ሰው ናቸውና፣ ከተማውን አስጠሩ።

ግቢው ሞላ። ቄሱና ሼኩ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። እትዬ ተሾመች ትራስ ተደግፈው፣ በቀጭን ድምፅ «ልጆቼ፣ በኩርኩም ያልኳችሁ፣ ጆሮ የቆነጠጥኳችሁ፣ አፉ በሉኝ» አሉ።

ሁሉም በየተራ እየገባ «አፉ ብያለሁ፣ እርስዎም አፉ በሉኝ» እያለ ጉልበታቸውን ሳመ። ጋሽ ሀሚዱ እንባውን በጋቢው ጠረገና «አፉ ብያለሁ እትዬ» አለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ «ሃምሳ ስድስት ነው።»

«ጎበዝ» አሉት።

በመጨረሻ ሒክማ ገባች። እትዬ ተሾመች እጃቸውን ዘረጉላት። «የኔ ዓለም፣ አንቺንስ ከሁሉም በላይ አስለቅሼሻለሁ። አፉ በይኝ።»

«አልልም።»

ሀጀራ «ያ ረቢ! አንቺ ልጅ አበድሽ?» ብላ ጎኗን ቆነጠጠቻት። ሒክማ ንቅንቅ አላለችም። ዓይኗም ደርቋል።

«ምን በደልኩሽ?» አሉ እትዬ ተሾመች።

«ጀምረው ሳይጨርሱኝ ሊሄዱ! ይኼ ነው በደልዎ። ፈተናው ገና ነው። ማን ጠረጴዛ ሊመታልኝ ነው? አልልም! የኔን ሐቅ ተሸክመው ይሂዱ እስቲ፤ መንገዱ ሲቀናዎ አያለሁ!»

እትዬ ተሾመች አፈጠጡባት። ተናደዱ፤ እሳቸውን በገዛ አፋቸው! ቀጥሎ ሆዳቸው ተንቀጠቀጠ፤ ሰው ጣር መስሎት ሊጮህ ሲል ሳቅ ሆኖ ወጣ። ሳቁ፣ ሳሉ፣ እንደገና ሳቁ።

«አይ እንግዲህ!» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ምን እየጠበቃችሁ ነው? ያን የዓሣ ሾርባ አምጡታ!»

ፈተናው ሲደርስ በምርኩዛቸው ይነሱ ነበር። ውጤቱ ሲመጣ ደግሞ ሀጀራ ግቢያቸው ውስጥ እልልታዋን ለቀቀችው። ሒክማ አልፋለች፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደርሷታል፤ ሐኪም እሆናለሁ ብላለች።

የመሄጃዋ ዕለት እትዬ ተሾመች ጋሽ ሀሚዱንና ማህዲን ተደግፈው መናኸሪያ ድረስ ወረዱ። ሒክማ ሻንጣዋን አስቀምጣ አስፋልቱ ላይ ተንበረከከች።

«እትዬ፣ አፉ በሉኝ።»

«አፉ ብያለሁ ልጄ። ብያለሁ፣ ብያለሁ! መንገድሽ ይቅና፤ እንቅፋት አይምታሽ።»

«አሚን።»

«በይ አሁን የእኔን በይኝ። ደክሞኛል፣ እውነቴን ነው።»

ሒክማ ጉልበታቸውን ስማ ተነሳች። አንዴ አቅፋ ጨመቀቻቸውና አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ወጣች። ከዚያ ዞር አለች።

«ስጨርስ!»

በሩ ተዘጋ። እትዬ ተሾመች ሕክምና ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ማህዲን ጠየቁት፤ ፈራ ተባ እያለ ነገራቸው።

«ይህች ባለጌ!» አሉ። እንባቸው በተሸበሸበ ጉንጫቸው ላይ እየወረደ፣ አውቶቡሱ በወልድያ መንገድ እስኪሰወር ቆመው ሸኙት። ከዚያ ምርኩዛቸውን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

«ሀሚዱ፣ ደግፈኝ፤ ቶሎ ቤት እንግባ። ሾርባዬ ይቀዘቅዛል።»